የሚጥሚጣና የእጄ ነገር

ለታላቅ እህቴ ለእትዬ አባይነሽ፤

ሰላምታዬ ከሐዋሳ ተነሥቶ እስከ አሶሳ ያለውን አገር ሁሉ አቋርጦ ደጅሽ ይድረስ። እንደምን ሰነበትሽ? ደመና በከበደ ቁጥር የሚቆረጥምሽ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽ ጋሽ ሸዋንግዛው የስኳር መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ ወይስ ዛሬም እንደ ልጅ ትለማመጫቸዋለሽ? አቤል ለፈተናው እያነበበ ነው? ሳያትንስ ያ ሳል ለቀቃት? የአሶሳ ሙቀት ዘንድሮ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ አንቺን አሰብኩ። እኛ በሕይወት አለን፤ ባለቤቴ ወንጌላዊትም ሥራዋ ላይ ናት። ልጃችን ሄራን ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት ደረቴ ላይ ደርሳለች። ደህና መሆን አለመሆናችንን ግን እስከ መጨረሻው አንብበሽ አንቺው ፍረጂ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። አባባ ከተቀበረ ወዲህ እኔና አንቺ የምንደዋወለው ለበዓል ብቻ ነው። ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ልነግርሽ ደውዬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናብና ስለ ልጆቹ ትምህርት አውርተን ዘጋሁት። ስለዚህ ፊልሞን የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ለቤተሰብ ጥየቃ ወደ እናንተ አገር እንደሚሄድ ስሰማ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የሚጀምረው ከቡችላ ነው፤ አትሳቂ። ሄራን ወንድም ወይም እህት ካልወለዳችሁልኝ ውሻ አምጡልኝ ብላ ከዓመት በላይ ነዘነዘችን። የምሠራበት ሆቴል ጥበቃ የሆኑ ጋሽ በርናባስ የሚባሉ የቡሹሎ ሰው አሉ። ጥቅምት ላይ ውሻቸው አምስት ወልዳ ነበር። ቡችሎቹ ዓይናቸውን በገለጡ በሳምንቱ ጅብ አጥር ጥሶ ገባና እናትየዋን ከአራት ልጆቿ ጋር በላቸው። አምስተኛዋን ጋሽ በርናባስ ከማገዶ ክምር ሥር ስትንቀጠቀጥ አገኟት። የላም ወተት በጨርቅ እያጠቡ አቆዩዋትና ኅዳር መጨረሻ ላይ በሳሙና ካርቶን አድርገው አመጡልኝ። ሴት ስለሆነች ሌላ የሚወስዳት አልተገኘም። ቀይ ዳማ ናት፤ ያኔ ከጫማዬ አትበልጥም ነበር። ሄራን ከካርቶኑ ልታወጣት እጇን ስትሰድ ጣቷን ነከሰቻት። ልጅቷ ጣቷን እየጠባች፣ «አቃጠለችኝ! ሚጥሚጣ!» አለች፤ ስሟ በዚያው ጸደቀ።

እትዬ፣ ቡችላ ማሳደግ እንዲህ መሆኑን የነገረኝ ሰው የለም። ያለቅሳል፣ ያለማቋረጥ። ምንጣፍ ላይ ይሸናል፤ ጠርገሽ ዞር ሳትዪ እዚያው ላይ ይደግመዋል። ጥርሱ እንደ መርፌ ነው። የሄራን እጅ እሾህ ውስጥ የገባ ይመስል ነበር፤ መምህሯ ሳይቀር ምን ሆና ነው ብላ ጠየቀችን። የወንጌላዊት ጫማ፣ የሶፋው ጥግ፣ የእኔ የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ ገመድ፣ ያልተበላ ነገር አልነበረም። ወንጌላዊት መጀመሪያም አልወደደችውም፤ ውሻ የግቢ እንጂ የቤት አይደለም ትል ነበር። እኔ ደግሞ ዘዴ የማውቅ መሰለኝ። ስትሸና አፍንጫዋን ሽንቷ ላይ አሸሁት። ስትነክስ በነጠላ ጫማ አቀመስኳት። ስታለቅስ በእግሬ ገፋኋት። ውሻ የሚሠለጥነው እንዲህ ነው እያልኩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨመርኩበት። መጨመሬን ግን አላየሁትም።

የገና ሰሞን ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ወንጌላዊት ለበዓሉ የምትዘምርበትን ነጭ ጋዋን አጥባ ግቢ አስጥታለች። ሚጥሚጣ ከገመዱ ጎትታ አውርዳ ጭቃ ውስጥ ቦጫጨቀችው። እሱን አንስቼ ሳልጨርስ በሩ ተደበደበ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሙሉ ናቸው፤ ለበዓል ያደለቧቸውን ሦስት ዶሮዎች አንገታቸው ተንጠልጥሎ በአንድ እጃቸው ይዘዋል። ቡችላዋ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገብታ ፈጅታቸዋለች። ሴትዮዋ ዶሮዎቹን እግሬ ላይ ወረወሯቸው። ሠፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያያል። «ውሻውን መግራት ያቃተው ሰው ልጅ አሳድጋለሁ ይላል!» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ፣ ዶሮዎቹን እንደምተካ ነግሬ በሩን ዘጋሁ። ደሜ ፈልቶ ጆሮዬ ይጮሃል።

ከግድግዳው ላይ ትርፍ የኤሌክትሪክ ሽቦ አወረድኩና ለሁለት አጠፍኩት። ሚጥሚጣ ጅራቷን እየቆላች ወደ እኔ መጣች፤ አፏ ላይ ላባ አለ። መታኋት። እንደ ሕፃን ጮኸች። ጀርባዋን፣ ሆዷን፣ እግሯን አልለየሁም። ሸሽታ ከውሃ ጋኑ ጀርባ ስትገባ በእግሯ ጎትቼ አወጣኋት። ሽንቷ አመለጣት፤ ያ ደግሞ ይባስ አናደደኝ። ስንት ጊዜ እንደመታኋት አላውቅም።

በመሃል ሄራን ከቤት ሮጣ ወጥታ ላይዋ ላይ ተደፋች። ሽቦው ክንዷና አንገቷ ላይ አረፈ። አሁን የምጽፍልሽ ለወንጌላዊት እንኳ ያልነገርኳትን ነው። የመጀመሪያውን ምት አላየሁም ነበር፤ እጄ ተሰንዝሯል፣ ልጅቷ ከየት እንደመጣች አላወቅሁም። ሁለተኛውን ግን አይቻለሁ። ልጄ መሆኗን አይቼ፣ ፊቷን አይቼ፣ ደገምኩ። ከዚያ በኋላ ነው እጄ የቆመው።

ሄራን አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችኝ። ያንን አተያይ አውቀዋለሁ፤ የአንቺ ነው። ዲላ እያለን አባባ ከመኪናው ሞተር ላይ የተቆረጠውን ቺንጋ ይዞ ሲመጣ አንቺ በእኔና በእሱ መካከል ቆመሽ እንደዚያ ታዪው ነበር። ያን ቀን መስኮቱን በኳስ ሰብሬ፣ ቺንጋው ቅንድብሽን ሰንጥቆ ደም ዓይንሽ ውስጥ ሲገባ፣ እኔ ከአልጋ ሥር ሆኜ እግሮቻችሁን አይ ነበር። አስተውለሽ ከሆነ፣ እሱም ካየሽ በኋላ ይደግም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ እንደ እሱ አይደለሁም እያልኩ ኖሬአለሁ። አልጠጣም፣ ሚስቴን ተቆጥቼ አላውቅም። ለካ አጋጣሚው አልገጠመኝም እንጂ እጁ እኔ ጋ ነበር።

ወንጌላዊት አልጮኸችም። ልጅቷን አጥባ፣ ሰንበሩን ቅባት ቀብታ፣ አስተኝታ ወጣች። ያንን ጋዋን ከመሬት አንስታ እያጣጠፈች፣ «ወንድሞቼ ሩቅ አይደሉም፤ ሁለተኛ ይህን ካየሁ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። አትከተለኝም፣ ሽማግሌም አትልክም» አለችኝ። ድምፅዋ የዕለት ወሬ የምታወራ ነው የሚመስለው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ገናን ተኮራርፈን አሳለፍን። ሄራን ለአራት ሳምንት አላናገረችኝም። አንገቷ ላይ ያለው ሰንበር ከቀይ ወደ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ሲለወጥ እያየሁ ትምህርት ቤት አደረስኳት። ጨው ለማንሳት እጄን ስዘረጋ ትከሻዋ ወደ ላይ ይሰበሰባል።

ሥራ ቦታ ለጋሽ በርናባስ፣ ውሻዋን መልሰው ይውሰዱልኝ አልኳቸው፤ የሆነውንም ደፍሬ ነገርኳቸው። ሰውየው ብዙ አይናገሩም። የበሩን ሰንሰለት እየቆለፉ፣ «ውሻዋን እኔ እወስዳታለሁ። ልጅህን ለማን ትመልሳታለህ?» አሉኝ። ከዚያ ዶክተር ሙክታር የሚባል የእንስሳት ሐኪም ዘንድ እንድሄድ መከሩኝ።

ሙክታር ወጣት ነው፣ ግን ትዕግሥተኛ። ሚጥሚጣ ጠረጴዛው ላይ ሆና እኔ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ትሸና ነበር። የጎድን አጥንቷ ላይ ያበጠውን በጣቱ እየዳሰሰ ማን እንደመታት አልጠየቀኝም። ጥርስ እያበቀለች ስለሆነ ነው የምትነክሰው አለኝ፤ የምታኝከው አጥንት ስጧት፣ ስትነክስ ዝም ብላችሁ ፊታችሁን አዙሩ። በበላችና ከእንቅልፏ በነቃች ቁጥር ወደ አንድ ቦታ አውጧት፣ እዚያ ስትሸና ወዲያው ቁራጭ ሳንባ ስጧት። ምንጣፍ ላይ ከሸናች ጥፋቱ የሰዓቱ እንጂ የእሷ አይደለም። እኔ ተቀምጬ እንደ ተማሪ ሰማሁት። ቤት ገብቼ የአጥሩን ቀዳዳ ደፈንኩ፤ ለወይዘሮ ሙሉ ሦስት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ወሰድኩላቸው። በአሥር ቀን ውስጥ ምንጣፉ ደረቀ። እትዬ፣ በአሥር ቀን! ያ ሁሉ ዱላ የአሥር ቀን ትዕግሥት ስላጣሁ ነበር። ጥር አጋማሽ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን ተከተበች።

ከዚያ ጥር 24 ቀን መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ሄራን ሚጥሚጣን በገመድ ይዛ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ፣ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ወደሚያቆሙበት የሐይቁ ዳር ወረድን። እዚያ የዓሣ አንጀት ስለሚጣል የሠፈር ውሻ አይጠፋም። አንድ ጥቁር ውሻ ከቄጤማው ውስጥ ወጣ። እየተወላገደ ነው የሚራመደው፤ አፉ ተከፍቶ ለሐጩ እስከ ደረቱ ይወርዳል። ሰዎች «ሽሹ! ሽሹ!» እያሉ ሲጮኹ ሰማሁ። አልደረስኩም። ሚጥሚጣን ጀርባዋ ላይ ነክሶ አነሣትና እንደ ጨርቅ አራገፋት። ሄራን ገመዱን አልለቅም አለች። ጎትቶ መሬት ላይ ጣላት። ይባስ ብላ በሆዷ ተሳበችና ቡችላዋን አቀፈቻት። ውሻው ቡችላዋን ለቆ ወደ ልጄ ፊት ዞረ።

ክንዴን አፉ ውስጥ ከተትኩ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ጥርሱ አጥንቴን ሲነካ ተሰማኝ። በጉልበቴ አንገቱን መሬት ላይ ተጫንኩና በሌላ እጄ ያገኘሁትን ድንጋይ አንስቼ ራሱን መታሁት። አይለቅም። ሙሴ የሚባል ዓሣ አጥማጅ መቅዘፊያውን ይዞ ሮጦ መጣና ወገቡን መታው፤ መቅዘፊያው ለሁለት ተሰበረ። እኔ መምታቴን ቀጠልኩ። ደም ፊቴ ላይ ይረጫል፣ የእኔ ይሁን የእሱ አላውቅም። መንጋጋው ከተከፈተ በኋላም መታሁት። ሙሴ ከኋላዬ ክንዴን አንቆ ይዞ፣ «ሞቷል ወንድሜ! በቃ፣ ሞቷል!» አለኝ። ቀና ስል ሄራን ቡችላዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። የምታየው የሞተውን ውሻ አይደለም፤ ድንጋይ የያዘውን እጄን ነው።

ሙሴ ወደ ቧንቧ ወስዶ ክንዴን በሳሙና አጠበኝ፤ ነጭ ጅማት ይታይ ነበር። ጤና ጣቢያ ለቀናት እየተመላለስኩ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ ተወጋሁ። ሄራን ጥርስ ባይነካትም ለሐጩ ስለደረሳት እሷም ተወጋች፤ መርፌው ሲገባ ፊቷን አላጨማደደችም። ሙክታር የሚጥሚጣን ጀርባ ሰፍቶ እውነቱን ነገረን። ከተከተበች ገና ዘጠኝ ቀኗ ነው፣ ክትባቱ ላይዛት ይችላል። ማስተማመኛው መግደል ነው። ካልሆነ ለአራት ወር ለብቻዋ ተዘግታ፣ ማንም ሳይነካት ትጠበቃለች፤ በሽታው ካለባት ይወጣል። ወንጌላዊት ትገደል አለች። እኔም ተስማማሁ፤ ልጄን ከማጣ ውሻ ብገድል ይሻለኛል። ያኔ ነው ሄራን ከገና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ባለሁበት አፏን የከፈተችው። «አባዬ መታት። ያኛው ውሻ ነከሳት። አሁን ደግሞ መርፌ ወግታችሁ ልትገድሏት ነው። እሷ ምን አድርጋ?» አለች። ሙክታር መሬት መሬት አየ። ወንጌላዊት እኔን አየችኝ።

መግደሉን ተውነው፤ በዚያው ዕለት በአንድ እጄ ሥራ ጀመርኩ። በጓሮ በኩል ከብረትና ከወንፊት ሽቦ ጎጆ ሠራሁላት፤ በሩን በሁለት ቁልፍ ቆለፍኩት። ምግቧን በረጅም ብረት እየገፋሁ አስገባለሁ። በየማለዳው ከፊቷ ተቀምጬ ውሃ እስክትጠጣ እጠብቃለሁ፤ ካልጠጣች፣ መንጋጋዋ ከወደቀ፣ ድምፅዋ ከተለወጠ አበቃ ማለት ነው። ሄራን ከጎጆው አምስት እርምጃ ርቃ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ጮክ ብላ ታነባለች። መጀመሪያ እኔ ስመጣ ተነሥታ ትሄድ ነበር። ሚያዝያ ላይ መነሣቷን ተወች። ሁለታችንም ልንነካት የማንችላትን ፍጥረት እያየን እንቀመጥ ነበር።

ያን ጊዜ ነው አንቺን ደጋግሜ ያሰብኩሽ። አባባ ሲቀበር አልመጣሽም። ለቀስተኛው ሁሉ አባይነሽ የት አለች ሲለኝ አፈርኩብሽ፤ ለዘመድ ሁሉ፣ እህቴ ድንጋይ ናት፣ ለወለዳት አባት እንባ የላትም ብዬ ተናገርኩ። ይህን ሳትሰሚ አልቀረሽም። የተመታሽው አንቺ፣ ያለቀስኩለት እኔ። በአንቺ ጀርባ ተከልዬ ስላደግሁ እኮ ነው እሱን መውደድ የቀለለኝ። በድዬሻለሁ፣ እትዬ። ይቅርታሽን የምለምነው ወንድምሽ ስለሆንኩ አይደለም፤ ስለበደልኩሽ ነው። መቅረትሽ ልክ ነበር።

ባለፈው እሑድ አራት ወሩ ሞላ። ሙክታር መጥቶ አያት፣ ድጋሚ ከተባት፣ ጤነኛ ናት አለ። ቁልፎቹን ከፈትኩና ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ በቀጥታ ወደ ሄራን እንደምትሮጥ ጠብቄ ነበር። አሁን ጉልበቴ ድረስ የምትደርስ ውሻ ሆናለች። ወጣች፣ ተንጠራራች፣ ወደ እኔ መጣችና እግሬ ሥር በጀርባዋ ተንጋልላ ሆዷን ሰጠችኝ። ያ ሽቦ ያረፈበትን ሆድ። ጎንበስ ብዬ ዳሰስኳት።

ሄራን በሩ ላይ ቆማ ታያለች። «ረስታልሃለች፣ አባዬ» አለችኝ።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ ውሻ አይደለሁም» አለችኝ።

ንዴት የለባትም፤ እውነቱን ነው የነገረችኝ። «አይደለሽም» አልኳት። ቶሎ ይቅር በይኝ ማለት የእኔ ድርሻ እንዳልሆነ ገባኝ። ሄራን ገመዱን አንስታ ሚጥሚጣን አሰረችና ወደ ውጭ ወጣች። በሩን ግን አልዘጋችውም። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ ተከተልኳቸው።

እትዬ፣ ማንን እንደምጠይቅ ስለማላውቅ አንቺን እጠይቅሻለሁ። አንቺ አባባን ይቅር ለማለት ስንት ዓመት ፈጀብሽ? አልሆነልሽም ከሆነም አትዋሺኝ። ልጄ ዕድሜ ልኳን ብትወስድ እንኳ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ እንድጠብቃት እውነቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ለጋሽ ሸዋንግዛው ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ሰላም ብያቸዋለሁ፤ መድኃኒታቸውን እንዳይዘነጉ። አቤልን በርታ በይልኝ፤ ለፈተናው ወንጌላዊት በጸሎት ታስበዋለች። ሳያትን ግንባሯን ሳሚልኝ። ወንጌላዊት ላንቺ የብቻ ሰላምታ አላት፤ ይህን ደብዳቤ አንብባ፣ ያ ሁለተኛው ምት ከተጻፈበት ላይ ስትደርስ ብዙ ቆይታ፣ አጥፋው ሳትለኝ መልሳ ሰጠችኝ። ሄራንም፣ «አክስቴን በአካል ማየት እፈልጋለሁ በልልኝ» ብላኛለች።

ወንድምሽ ዮፍታሄ
ሐዋሳ፣ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.